ድንጋይ ይጠብቃል፣ እንስሳ አይጠብቅም፦ ከስድስት የዓለም ቅርሶች አንዱን ለመምረጥ

ለአንድ ትልቅ ጉዞ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው በፎቶ ነው። ስልኩ ላይ ያየው ምስል ልቡን ይወስደዋል፣ ትኬት ይቆርጣል። ከዚያ ወደ ፔሩው ማቹ ፒቹ ሲሄድ መንገድ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ወይም የዮርዳኖሷ ፔትራ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ወይም የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ፓርክ ሲደርስ የእንስሳቱ መንጋ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ይጠብቀዋል። ጥፋቱ የቦታዎቹ አይደለም። ፎቶው ይህን ሁሉ አይናገርም።

የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብም ለዚህ ብዙ አይረዳችሁም። መዝገቡ የተጀመረው በ1972 በጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹን ግን በግምት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሻቸዋለሁ።) ዛሬ ከ1,200 በላይ ቦታዎች አሉበት። አንድ ቦታ ለመመዝገብ ከ10 መስፈርቶች ቢያንስ አንዱን ማሟላት አለበት። የመጀመሪያዎቹ 6 ስለ ባህላዊ ቅርስ ናቸው፣ የቀሩት 4 ስለ ተፈጥሮ። ከሁለቱም ወገን የሚያሟላው "ድብልቅ" ይባላል። መስፈርቶቹ ግን ቦታው ለሰው ልጅ ያለውን ዋጋ ነው የሚመዝኑት። ለእናንተ ጉልበት፣ ለእናንተ ኪስና ለእናንተ የዓመት ፈቃድ ይስማማል ወይ የሚለውን እኛው መመዘን አለብን።

መጀመሪያ መለኪያው

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው፦ የምታዩት ነገር ይጠብቃችኋል ወይስ አይጠብቃችሁም? ባህላዊ ቅርስ ዓመቱን ሙሉ እዚያው አለ። እዚያ ወሳኙ ሰዓት ነው። ፀሐይ በየት በኩል ናት? ሕዝቡ ስንት ሰዓት ላይ ይጎርፋል? የተፈጥሮ ቅርስን የሚገዛው ግን ወቅት ነው። በተሳሳተ ወር ከሄዳችሁ በሌሊት ብትነሡም ያመለጣችሁን አታገኙትም። ስለዚህ ድንጋይ ልታዩ ከሆነ መጀመሪያ ቦታውን ምረጡ፣ ቀኑ ይደርሳል። እንስሳ ልታዩ ከሆነ መጀመሪያ ወሩን እዩ። ፈቃዳችሁ ከወሩ ጋር ካልገጠመ ቦታውን መቀየር ይሻላል።

ሁለተኛው መለኪያ አካላችሁ ነው። ከፍታ፣ ደረጃ፣ ሙቀትና የባህር ማዕበል አራት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከፍታ ላይ ምንም ላይሆን ይችላል። ሯጩ ደግሞ ጀልባ ላይ ሲያስመልሰው ሊውል ይችላል። የራሳችሁን ደካማ ጎን እወቁ።

ሦስተኛው፣ ቦታው ስንት ሙሉ ቀን ይፈልጋል? አራተኛው ነፃነት ነው፤ እንደ ልብ መዞር ይቻላል ወይስ በተሰመረ መንገድና በአስጎብኚ ብቻ ነው? የመጨረሻው ወጪ ነው። እዚህ ላይ የመግቢያ ትኬቱን ብቻ አትዩ። ወጪው ከምን እንደሚመጣ ካወቃችሁ የት እንደምትቀንሱም ታውቃላችሁ።

አንኮር፣ ካምቦዲያ

ብዙ ሰው አንኮርን እንደ አንድ ቤተ መቅደስ ያስባል። የተመዘገበው ክልል ግን 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንኮር ዋት በውስጡ ካሉት አንዱ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ንጉሥ ሱርያቫርማን 2ኛ ለሂንዱው አምላክ ለቪሽኑ አሠራው። ኋላ የቡድሂዝም ቦታ ሆነ፣ ዛሬም መነኮሳት ይጸልዩበታል። ዙሪያውን 190 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሰው ሠራሽ ውሃ ከቦታል።

ከአብዛኞቹ የአካባቢው ቤተ መቅደሶች በተለየ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ይህ ለጎብኚ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባው ስለሆነ ጥላውን ውሃው ላይ ለማየት ሕዝቡ ገና ሳይነጋ ይሰበሰባል። የድንጋዩ ቅርጽ ደምቆ የሚታየው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የምትገቡ ከሆነ እኔ ከሰዓቱን እመርጥላችኋለሁ።

ባዮን በሚባለው ቤተ መቅደስ ላይ ፈገግ ያሉ ግዙፍ የድንጋይ ፊቶች ከየማማው ቁልቁል ያዩዋችኋል። የንጉሥ ጃያቫርማን 7ኛ ሥራ ነው። ታ ፕሮም በሚባለው ሌላ ቤተ መቅደስ ላይ የዛፍ ሥር ግድግዳውን እንደ ዘንዶ ተጠምጥሞበታል። ሥሩ ድንጋዩን ያላቅቀዋል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ደግፎ የያዘው እሱው ነው። ዛፎቹ የቀሩት ሆን ተብሎ ነው። ጫካ ሕንፃን ሲውጥ ምን እንደሚመስል ሰው እንዲያይ። ራቅ ብላ ያለችው ባንቴይ ስሬይ በ967 የተመረቀች ትንሽ ቤተ መቅደስ ናት። የድንጋይ ቅርጿ ከእንጨት የተፈለፈለ ነው የሚመስለው። ጊዜ ካላችሁ አትዝለሏት።

መሬቱ ሜዳ ነው። ችግሩ ሙቀቱና ወበቁ ነው፤ በተለይ ሚያዝያ ላይ። ወደ ላይኞቹ ፎቆች የሚያወጡት ደረጃዎችም ቀጥ ያሉ ናቸው። ደረቁና ቀለል ያለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በዝናቡ ወራት ደግሞ ውሃው ይሞላል፣ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ይለብሳል፣ ሰውም ይቀንሳል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው።

ትኬቱ ለ1 ቀን 37፣ ለ3 ቀን 62፣ ለ7 ቀን 72 ዶላር ነው። የ3 ቀኑን በ10 ቀን ውስጥ አፈራርቆ መጠቀም ይቻላል። ይህ ወርቅ ነው፤ አንድ ቀን ዞራችሁ አንድ ቀን ታርፋላችሁ። አጠገቡ ባለችው በሲየም ሪፕ ከተማ ውስጥ በሁሉም ዋጋ ማደሪያ አለ። በቱክቱክ ወይም በብስክሌት መዞር ስለሚቻል ከስድስቱ ቦታዎች ወጪን ለመቆጣጠር በጣም የሚመቸው ይህ ነው።

ፔትራ፣ ዮርዳኖስ

ፔትራ የናባታውያን፣ የጥንት ዓረብ ሕዝብ፣ ዋና ከተማ ነበረች። ሮም በ106 ግዛቷን እስክትጠቀልል ድረስ የሽቶና የዕጣን ንግድ ያበለጸጋት ከተማ ናት። የመግቢያው መንገድ ሲቅ ይባላል፤ 1.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ጠባብ የገደል ስንጥቅ። ስትሄዱ ዓይናችሁን ወደ ግድግዳው ጣል አድርጉ። በሁለቱም በኩል የተጠረበ የውሃ ቦይ ታያላችሁ። በረሃ ውስጥ ከተማ ያቆመው ያ ቦይ ነው። ለእኔ ከፊት ለፊት ከሚመጣው ታዋቂ ሕንፃ ያላነሰ ድንቅ ነው።

ሲቁ ሲያልቅ ግምጃ ቤቱ፣ አል ኻዝነህ፣ ድንገት ይገለጣል። ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ፣ 40 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ፊት ነው። ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድም። የውስጡ ክፍልም ጌጥ የለውም። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ረፋዱ ላይ ነው። ግን በሩ በጠዋት 12 ሰዓት ሲከፈት የገባ ሰው ሲቁን በጸጥታ ያገኘዋል። ይህ ከብርሃኑ ይበልጥብኛል።

ብዙዎች እዚያው ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ይህ ያሳዝናል። ዋናው ከተማ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ከመግቢያው እስከ ግምጃ ቤቱ ብቻ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "ገዳሙ" የሚባለው አድ ደይር ጋ ለመድረስ ከ800 በላይ ደረጃ ትወጣላችሁ። ፊቱን ፀሐይ የሚመታው ከሰዓት ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ታቹን፣ ከሰዓት ላዩን ብታዩ ብርሃኑም ጉልበቱም ይመጣጠናል። በአህያ እናውጣችሁ የሚሉ አይጠፉም። ደረጃው ለአህያውም ለተሳፋሪውም አይበጅምና አልመክርም። ጉልበት ከሌለ ደረጃውን ትቶ በታችኛው ከተማ ረጋ ብሎ መዞር ይሻላል።

ትኬት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዮርዳኖስ ውስጥ ለሚያድር ጎብኚ የ1 ቀኑ 50 ዲናር፣ የ2 ቀኑ 55፣ የ3 ቀኑ 60 ነው። ሁለተኛው ቀን በ5 ዲናር ማለት ነው! አገሩ ውስጥ ሳያድር ለአንድ ቀን ብቻ የሚገባ ግን 90 ይከፍላል። ከጎረቤት አገር ለውሎ ገብተን እንወጣለን የምትሉ ይህን አስሉ።

ጥሩው ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ ከዚያም ጥቅምትና ኅዳር ነው። ዝናብ ከተተነበየ ሲቅ ውስጥ አትግቡ። ደራሽ ጎርፍ በ1963 እዚያ ውስጥ ጎብኚዎችን ገድሏል። ጠባቂዎች ዛሬ አይከፈትም ካሉ አትከራከሯቸው።

ማቹ ፒቹ፣ ፔሩ

ከስድስቱ ብቸኛው ድብልቅ ቅርስ ይህ ነው። የተመዘገበው በ1983፣ ለኢንካዎቹ (የጥንት የአንዲስ ተራሮች ሕዝብ) ከተማም ለዙሪያው የተራራ ጫካም ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሰው ትቶት ወጣ። የምርጦቹ ሕንፃዎች ድንጋዮች ያለ ጭቃና ኖራ ነው የተገጣጠሙት። ከሥር የተቀበረው የውሃ ማስወገጃና መሠረት ደግሞ ከሚታየው ያልተናነሰ ሥራ ነው። ያን ያህል ዝናብ በሚወርድበት ተራራ ላይ ከተማው ሳይናድ የቆየው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ከፍታውን ነው። የሚገርመው ማቹ ፒቹ ራሱ 2,430 ሜትር ላይ ነው። የሚያስቸግረው መንገድ ላይ የምታርፉባት ኩስኮ ናት፤ 3,400 ሜትር ገደማ። ከአውሮፕላን ወርዶ እዚያው ያደረ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኩስኮ እንዳረፋችሁ ቁልቁል ወደ ኦያንታይታምቦ ሸለቆ ውረዱና እዚያ እደሩ። ከተማዋን ስትመለሱ እዩዋት። ያን ጊዜ አካላችሁ ለምዷል።

ከኩስኮ እስከ ቦታው በቀጥታ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። ወጪውን የሚያከብደውም ይህ ነው፤ ባቡሩና ወደ ላይ የሚያወጣው አውቶቡስ። ኪሱ የሳሳ ሰው በመኪና እስከ ሂድሮኤሌክትሪካ የባቡር ጣቢያ ሄዶ ከዚያ በሐዲዱ ዳር 2 ወይም 3 ሰዓት በእግር እስከ ተራራው ሥር ሊደርስ ይችላል። አድካሚ ነው፣ ግን ብዙዎች ያደርጉታል።

ነፃነት ከፈለጋችሁ እዚህ አታገኙትም። ትኬቱ በስምና በፓስፖርት ቁጥር ነው የሚቆረጠው፤ ሰዓትም አለው። ውስጥ የምትሄዱት በተሰመረ መንገድ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ የመንገዱን ቁጥር አጥርታችሁ ምረጡ። 1ኛው ከላይ ሆኖ ለማየት ነው። 2ኛው ከላይም ያሳያል፣ ከተማው ውስጥም ያስገባል። 3ኛው በታችኛው ክፍል ይዞራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው 2ኛው ነው፤ ካለቀ እንኳ ቀኑን ገፋ አድርጎ እሱን መፈለግ ይሻላል።

በእግር በ4 ቀን የሚደረስበት የኢንካ መንገድ የራሱ ሕግ አለው። ከፍተኛው ማለፊያው 4,215 ሜትር ነው። በቀን የሚገቡት 500 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አስጎብኚዎችና ተሸካሚዎች ተደምረው። ስለዚህ ከወራት በፊት ይያዛል። በፌብሯሪ፣ ማለትም ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ሦስተኛ ሳምንት፣ ለጥገና ይዘጋል። ደረቁ ወቅት ከግንቦት እስከ መስከረም ነው።

ጊዛ፣ ግብፅ

ለመድረስ በጣም ቀላሉ ይህ ነው። ትልቅ ከተማ አጠገብ ነው፣ ከፍታ የለም፣ አንድ ቀን ይበቃዋል። የንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ ሲሠራ 146 ሜትር ገደማ ነበር። ለ3,800 ዓመት ያህል የሰው እጅ ካቆማቸው ሕንፃዎች የሚበልጠው አልነበረም። ውስጡ ለመግባት የተለየ ትኬት አለ። መተላለፊያው ጠባብ፣ ቀጥ ያለና የታፈነ ነው፤ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ።

የቦታው ድክመት ግርግሩ ነው። ግመል የሚያከራየው፣ ዕቃ የሚሸጠው ዕረፍት አይሰጣችሁም። ግን በ1979 የተመዘገበው ቅርስ ጊዛ ብቻ ሳይሆን እስከ ዳህሹር ያሉት ፒራሚዶች ሁሉ ናቸው። ሳቃራ ላይ ኢምሆቴፕ ለንጉሥ ጆሰር የነደፈው ባለ እርከኑ ፒራሚድ አለ፤ ሁሉም የተጀመረው ከእሱ ነው። ዳህሹር ላይ ደግሞ ግንበኞቹ መሐል ላይ ሐሳብ የቀየሩበት ጎባጣው ፒራሚድ ቆሟል። እዚያ ሰው ጥቂት ነው። ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ለእነዚህ ስጡት። በ2025 ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ታላቁ የግብፅ ሙዚየምም አጠገቡ ስለሆነ በሙቀቱ ሰዓት መሸሸጊያ ይሆናችኋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሙቀቱ ይለዝባል።

ሴሬንጌቲ፣ ታንዛኒያ

እዚህ መለኪያው ይገለበጣል። "ሴሬንጌቲ መቼ ነው የሚኬደው?" ሳይሆን "በዚያ ወር መንጋው የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ፓርኩ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከ1 ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት (ቀንዳም ትልቅ የዱር ሣር በል እንስሳ)፣ ከመቶ ሺዎች የሜዳ አህያ ጋር፣ ዝናብና ሣር እየተከተለ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል።

በጥርና በየካቲት በደቡቡ አጫጭር ሣር ላይ ይወልዳሉ። ጥጃው በተወለደ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል፤ አለበለዚያ ጅብና አንበሳ አለ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሰሜን ናቸው፤ አዞ የሞላበትን የማራ ወንዝ የሚሻገሩት ያኔ ነው። ብዙ ሰው የሚመኘው መሻገሩን ነው። ግን መንጋው ወንዙ ዳር ደርሶ ግማሽ ቀን ቆሞ ሊመለስ ይችላል፤ ማንም ቀጠሮ ሊሰጣችሁ አይችልም። ለሁለት ቀን ብቻ የምትሄዱ ከሆነ እኔ የጥርና የየካቲቱን እመርጣለሁ። ሜዳው ክፍት ነው፣ አዳኞቹም መንጋውን ተከትለው ይመጣሉ። ማዕከላዊው ሴሮኔራ ደግሞ አንበሳና ነብር ዓመቱን ሙሉ አያጣም።

ለጉልበት ቀላል ነው፣ ለወገብ ግን አይደለም። ቀኑን ሙሉ ኮረኮንች ላይ መኪና ውስጥ ነው፤ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ መውረድ ክልክል ነው። የፓርኩ ክፍያ በሰው በየ24 ሰዓቱ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ቀን በጨመራችሁ ቁጥር መኪናውም፣ ማደሪያውም፣ ክፍያውም አብሮ ይጨምራል። የሚቀነሰው መኪናውን ከሌሎች ጋር በመካፈልና ድንኳን ውስጥ በማደር ነው።

ጋላፓጎስ፣ ኢኳዶር

ከኢኳዶር የባህር ዳርቻ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙ ደሴቶች ናቸው። በ1978 በመዝገቡ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን በ1835 አምስት ሳምንት ቆይቶበታል። እዚህ እንስሳው ከሰው አይሸሽም። የባህር አንበሳ መንገዳችሁ ላይ ተጋድሞ ይተኛል፤ የምትዞሩት እናንተ ናችሁ። ለዚህም ነው 2 ሜትር ርቃችሁ እንድትቆሙ ሕጉ የሚያስገድደው። ጎብኚና ሰፋሪ ሲበዛ፣ ከውጭ የመጡ ዕፅዋትና እንስሳት ሲስፋፉ ከ2007 እስከ 2010 በአደጋ ውስጥ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ሻንጣችሁ የሚፈተሸው ዘርና ነፍሳት እንዳታስገቡ ነው። ልብ ብላችሁ ተባበሩ።

ዋናው ምርጫ መርከብ ወይስ ደሴት ላይ ማደር የሚለው ነው። እንደ ፈርናንዲናና ኼኖቬሳ ያሉት ሩቅ ደሴቶች በመርከብ ለሚዞር ሰው ናቸው፤ ወጪው ግን ከባድ ነው። ሳንታ ክሩዝ፣ ኢሳቤላ ወይም ሳን ክሪስቶባል አድራችሁ በቀን ጀልባ ብትዞሩ ብዙ ትቆጥባላችሁ። ግዙፍ ኤሊ፣ የባህር ኢጓናና ፔንጉዊን በዚህም መንገድ ይታያሉ። ለአብዛኛው የውጭ ጎብኚ የመግቢያው ክፍያ ከ2024 ጀምሮ 200 ዶላር ነው። ከጥር እስከ ግንቦት ባህሩ ሞቃትና የተረጋጋ ነው። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ይቀዘቅዛል፣ ማዕበሉም ይበረታል፤ ግን ምግብ ስለሚበዛ ባህሩ በሕይወት ይሞላል። ጀልባ የሚያሳምመው ሰው መጀመሪያውን ይምረጥ።

በአንድ ዓይን

| ቦታ | ዓይነት | አካልን የሚፈትነው | ቀን | ጥሩው ጊዜ | ነፃነት | ወጪ | ወጪውን የሚያከብደው |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| አንኮር | ባህላዊ | ሙቀት | 3 | ኅዳር–የካቲት | ሰፊ | ዝቅተኛ | ትኬቱ |
| ፔትራ | ባህላዊ | እግር ጉዞና ደረጃ | 2 | መጋቢት–ግንቦት አጋማሽ፣ ጥቅምት–ኅዳር | ሰፊ | መካከለኛ | ትኬቱ |
| ማቹ ፒቹ | ድብልቅ | ከፍታ (ኩስኮ) | 1፣ ከመንገዱ ጋር 4 | ግንቦት–መስከረም | ጠባብ | ከመካከለኛ በላይ | ባቡሩ |
| ጊዛ | ባህላዊ | ግርግርና ፀሐይ | 1–2 | ኅዳር–የካቲት | ሰፊ | ዝቅተኛ | የውስጥ ትኬቶች |
| ሴሬንጌቲ | ተፈጥሮ | ረጅም የመኪና ጉዞ | 3–4 | በመንጋው ቦታ | ጠባብ | ከፍተኛ | እያንዳንዱ ቀን |
| ጋላፓጎስ | ተፈጥሮ | ማዕበል | 5–8 | ጥር–ግንቦት ለባህር ሕመምተኛ | በጣም ጠባብ | ከፍተኛ | መርከቡ |

ታዲያ ለማን የቱ?

ገንዘቡ አጭር፣ ጊዜው ግን ሰፊ ለሆነ ሰው አንኮር። ሌላ ማሰብ አያስፈልግም።

አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁ ፔትራን በ2 ቀን ትኬት ያዙ፤ የቀረውን ለጊዛና ለሳቃራ ስጡ። ሁለቱ አገሮች ይቀራረባሉ፣ ጥሩው ወቅትም በኅዳር ይገጥማል።

ከአረጋውያን ወላጆች ጋር ከሆነ ሴሬንጌቲ፤ ደረጃ የለም፣ ከፍታውም ከኩስኮ በጣም ያነሰ ነው። ወጪው ካልተቻለ ጊዛ፣ ግን ማልዶ ገብቶ ሙቀቱ ሳይበረታ መውጣት። ልብ ወይም ሳንባ የሚያመው ሰው ኩስኮን ከማሰቡ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ትንንሽ ልጆች ካሉ ጋላፓጎስን ደሴት ላይ በማደር አስቡበት። አንድ ልጅ ኤሊ ከራሱ ሲበልጥበት የሚሆነውን መገመት አያቅትም። አንኮር ላይ ግን ከሦስተኛው ቤተ መቅደስ በኋላ ልጅ ይሰለቻል፤ በሁለት ቤተ መቅደስ ብቻ ረክታችሁ ተመለሱ።

የኢንካውን መንገድ በእግር ለመሄድ የቆረጠ ሰው የአውሮፕላን ትኬት ሳይቆርጥ የመንገዱን ፈቃድ ይያዝ። ከ500ዎቹ ቦታ ካላገኘ አውሮፕላኑ ምንም አያደርግለትም። ሴሬንጌቲና ጋላፓጎስም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚሄዱት፤ ወሩ፣ ቀጥሎ ማደሪያው ወይም መርከቡ፣ መጨረሻ ላይ በረራው። አንኮር፣ ፔትራና ጊዛ ግን በረራው የረከሰበትን ቀን ተከትላችሁ ብትሄዱ ብዙም አትጎዱም። የመግቢያ ክፍያና የጸጥታው ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ግን የትም ብትሄዱ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የቦታውን ይፋዊ ገጽ አንድ ጊዜ እዩ።